ቶሎ የተነሳው ድንጋይ

ከኮልፌ የወጣሁበትን ማታ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የእናቴ እንባ ሳይሆን የጋሽ ዘለቀ ሱቅ መብራት ነው። ሻንጣዬን ታክሲ ላይ ጭነን በአጠና ተራ ስናልፍ ሱቁ ገና አልተዘጋም ነበር። ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጡት ጋሽ ዘለቀ በረንዳቸው ላይ ቆመው ወደ ታክሲው አዩና እጃቸውን አነሱ። እኔ አላነሳሁም። እናቴ ጎኔን ጎሸም አድርጋ፣ ታርቃችሁ የለም እንዴ፣ ለታላቅ ሰው እንዲህ ይደረጋል ወይ አለችኝ። ታርቀናል አልኳት።

ሰፈር ያላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ እንደኔ አገር ለቃችሁ ለምታነቡት ግን ከሥሩ ልንገራችሁ። አባቴ ከምዕራብ ጠረፍ ለፖሊስ ሥልጠና ኮልፌ መጥቶ፣ እናቴን አግብቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ጥቁረቴ የእሱ ነው። የጋሽ ዘለቀን ልጅ መቅደስን ወደድኩ፣ እሷም ወደደችኝ፣ ሽማግሌ ላክሁ። ጋሽ ዘለቀ ሽማግሌዎቹን ከተቀመጡበት አስነስተው፣ በረንዳቸው ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ያን ቃል ተናገሩኝ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ኮልፌ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ጠቆር ያለ ልጅ በጠብ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በጨዋታም የሚጠራበት ነው።

እድሩ ዝም አላለም። በአደባባይ የተሰደበ በአደባባይ ይካሳል ተባለ። እሑድ ዕለት፣ እዚያው በረንዳ ፊት ለፊት፣ ጋሽ ዘለቀ እንደ አባቶች ወግ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው አጎነበሱልኝ። ሽበታቸውን ሳይ አላስቻለኝም። ሮጬ ድንጋዩን አነሳሁላቸውና «ይቅር ለእግዜር» አልኩ። እልል ተባለ፣ ቄሱ መረቁን፣ ሰው ወደየቤቱ ሄደ። መቅደስን ግን አልሰጡኝም። ዓመት ሳይሞላ ለሌላ ዳሯት፤ ለሠርጉም የጠሩኝ ታርቀናል ብለው ነው። ድንጋይ መሸከም ማለት ለሰው ዓይን መሆኑን ያኔ አወቅሁ፤ ያን ድንጋይ ያነሳሁበትን እጄን ጠላሁት። በዚያ በረንዳ በኩል ላለማለፍ ዙሪያ መንገድ እሄድ ጀመር። የአክስቴ ልጅ ከጣልያን የሥራ ቪዛ ስታገኝልኝ እሺ ለማለት ዐይኔን አላሸሁም።

የደረስኩባት ከተማ በሰሜን ጣልያን ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የኮልፌ የሐምሌ ጉም እስከ ረፋድ ቆይቶ አፍሮ ይሄዳል፤ የዚህች ከተማ ጉም ግን ኪራይ የከፈለ ይመስል ተደላድሎ ይቀመጣል። ቋንቋው ባዳ አልሆነብኝም፤ ባኞ፣ ፌርማታ፣ ሳልሳ እያልኩ ነው ያደግኩት። ሰላምታቸው ግን ገረመኝ። እኛ ቻው የምንለው ስንለያይ ነው፤ እነሱ ሲመጡም ቻው፣ ሲሄዱም ቻው፤ እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው ብሎ ነገር የለም። ፓስታቸውንም መጀመሪያ ቀን ሲያቀርቡልኝ ገና ያልበሰለ መስሎኝ ወደ ድስቱ ልመልሰው ተነስቼ ነበር። ሳቁብኝ። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ፓስታ ያቀረበ ምግብ ቤት ደንበኛው ይጣላዋል።

አከራዬ ሲኞራ ፒያ ትባላለች። ክፍሉን ልከራይ ስሄድ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና፣ እኔ ሰው በቀለሙ አልለይም፣ ድመቴ እንኳ ጥቁር ናት አለችኝ። ድመቷ ኪራይ ትከፍላለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አትከፍልም፣ ቤተሰብ ናት አለች። እንግዲያው እኔም ቤተሰብ ልሁን አልኳት። አልሳቀችም። ክፍሉን ግን ሰጠችኝ፤ እሑድ እሑድ ሽንኩርትና በርበሬ እንዳላቁላላ አስጠንቅቃ።

ሥራ ያገኘሁት እብነ በረድ ከሚቆርጥ ድርጅት ነው። አለቃችን ዲኖ ይባላል። ካፖ ይሉታል፤ የእኛው ካቦ ማለት ነው። ይህ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። እነሱም የራሳቸው ቃል አላቸው፤ በዚያ ይጠራኛል። መጋዙን ሳስነሳ ያን ቃል፣ ለምሳ ስንወጣ ያን ቃል። ቋንቋው ተለወጠ እንጂ የምታመምበት ቦታ ያው ነው። ጋሽ ዘለቀ ባሕር ተሻግረው የመጡብኝ መሰለኝ። ስሜ ታሪኩ ነው ብዬ ብነግረው ትከሻውን ነቅንቆ፣ ይከብደኛል አለ። ሃያ ፊደል ያለውን የማሽን ስም ግን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጠራው።

አንድ ቀን ከዋናው ቢሮ ሠራተኛ የምታስተዳድረው ሴት መጣች። ዶቶሬሳ ነው የሚሏት፤ ዲግሪ ያላትን ሴት የሚያከብሩበት ማዕረግ ነው። የአክብሮት ቀን ልናከብር ነው ብላ ለሁላችን ነጭ ካናቴራ አደለች። ደረቱ ላይ «ቃል ያቆስላል» የሚል ተጽፎበታል። ሁላችንም እጃችንን አፋችን ላይ አድርገን፣ ክፉ ቃል ከአፋችን አይወጣም ለማለት፣ በሰልፍ ፎቶ እንድንነሳ ተደረገ። እኔን መሀል አቆመችኝ፤ ለምን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ዲኖ አለቃ ነውና ከጎኔ ቆመ። ፎቶ አንሺው ዝግጁ ሲል ዲኖ እጁን አፉ ላይ እንዳደረገ፣ በመዳፉ ሥር፣ ያን ቃል ጠርቶ «ጠጋ በል፣ ጨለማ ውስጥ ገብተሃል» አለኝ። ከኋላችን የነበሩት ሁለቱ ሳቁ። ፎቶው ላይ፣ አፋችን ቢሸፈንም፣ ከዓይናችን ሁላችንም ፈገግ ያልን መስለን ወጥተናል። እስከ ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ አለ።

ያን ዕለት የጠላሁት ዲኖን ብቻ አይደለም፣ ካናቴራውንም ነው። በዳዩም ተበዳዩም፣ ዳር ቆሞ የሳቀውም አንድ ዓይነት ለብሰው ሲቆሙ ማን ማንን እንደበደለ ይጠፋል። የጋሽ ዘለቀ ድንጋይ እንኳ ቢያንስ ማን እንደተናገረ ለመንገደኛው ሁሉ ያሳይ ነበር። እዚያው ካናቴራዬን እንደለበስኩ ወደ ዶቶሬሳ ሄድኩ። ሰማሽ ወይ አልኳት። አፉ እኮ ተሸፍኖ ነበር አለችኝ። ለዚህ ነው የሸፈነው አልኳት። እሷም፣ ሁላችንም ሸፍነን ነበር አለች። ከሳቁት አንዱ ግን ተጠርቶ ሲጠየቅ አልካደም። ያኔ ዶቶሬሳ ደነገጠችና ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ አለችኝ።

ይባረር ብል ይባረር ነበር። ያ ግን እኔን አይጠቅመኝም። አንገቱን ሲደፋ ማየት ነበር የምፈልገው፣ እውነቱን ልንገራችሁ። የአገሬን ወግ ነገርኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንዴት ያምራል አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ ለገና በዓል ማስጌጫ የሠራነው የስፖንጅ ድንጋይ አለን፣ ሲያዩት እውነተኛ ነው የሚመስለው፣ ዲኖ ደግሞ ወገቡን ያመዋል አለችኝ።

«ዶቶሬሳ፣ ግቢው ሙሉ ድንጋይ ነው፤ እኔ እመርጣለሁ» አልኳት።

ዲኖ ድንጋዩን እምቢ ካልክ ጉዳይህ ወደ ላይ ይሄዳል ሲባል እሺ አለ። ከቁርጥራጩ መሀል ለአንድ ሰው የሚበቃ ነጭ እብነ በረድ መረጥኩለት። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት፣ ጫንቃው ላይ ተሸክሞ ፊቴ አጎነበሰ። ዶቶሬሳ ፎቶ ልታነሳ ስልኳን ስታወጣ በእጄ ከለከልኳት።

ወጉ ተበዳዩ ቶሎ እንዲያነሳ ነው። እኔ አላነሳሁም። አንዱ አሳለ፣ ሌላው ዓይኑን ወደ መስኮት መለሰ። የዲኖ ጆሮ ቀላ፣ ላቡ ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ዶቶሬሳ ቀስ ብላ ባስታ፣ በቃ እንጂ አለችኝ። አልሰማኋትም። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አፍሬም አላውቅም። ለእሱ ብቻ ሳይሆን በዚያች እሑድ ለሮጥኩት ለራሴም ነው የቆምኩት። በመጨረሻ ከተጎነበሰበት፣ ወደ መሬት እያየ፣ «ታሪኩ» አለ። አልከበደውም። ድንጋዩን አነሳሁለት። ይቅር ለእግዜር ግን አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ ያ ቃል በመጋዞቹ አካባቢ አልተሰማም፣ ከሳቁትም አፍ ጭምር። ዲኖ ልቡ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ሲያየኝ አንገቱን ያሻል። ድንጋዩን ቤቴ ወሰድኩት። በሩ እንዳይዘጋብኝ አስደግፈዋለሁ። ሲኞራ ፒያ ያምራል አለችኝ።

ያለፈው እሑድ እንደ ልማዴ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው የወንድ ድምፅ ነው።

«ታሪኩ፣ ዘለቀ ነኝ። እናትህን ለምኜ ነው ስልኳን የያዝኩት።»

ከጀርባቸው የታክሲ ረዳት አየር ጤና፣ አየር ጤና እያለ ሲጣራ ይሰማኛል። እዚያው በረንዳ ላይ መሆናቸው ነው። የመጨረሻ ልጃቸው ቢንያም እዚሁ ጣልያን፣ ከእኔ በባቡር ብዙ ከማይርቅ ከተማ መግባቱን ነገሩኝ። ሥራ አግኝቷል፣ ግን ሲደውል ያለቅሳል አሉ። የሥራ ቦታው ሰዎች በስሙ አይጠሩትም።

«ምን ብለው ይጠሩታል?» አልኳቸው።

«ታውቀዋለህ።»

«እርስዎ ይበሉት፣ ጋሽ ዘለቀ።»

ይህን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ያን ቃል በራሳቸው ልጅ ላይ፣ በራሳቸው አፍ ሲሉት ልሰማ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጠፍኩ። ረዳቱ ብዙ ጊዜ ተጣራ።

«አልለውም» አሉ። «ከዚያች እሑድ ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለጠላቴም አላልኩት።»

«መቅደስን ግን ከለከሉኝ።»

«ከለከልኩህ። ድንጋዩ አፌን ዘጋው፤ ልቤ ጋ ሳይደርስ አንተ ሮጠህ አነሳህልኝ። ትንሽ ብታቆየው ምን ነበረበት?»

ስንት ዓመት ያ ድንጋይ ከንቱ ነበር ብዬ ተንገብግቤያለሁ፤ እሳቸው ደግሞ አነሰ እያሉ ይወቅሱኛል። በሩ ሥር ያለውን እብነ በረድ አየሁት። የረዳቱ ድምፅ፣ የኮልፌ አቧራ፣ ከዝናብ በኋላ የቆርቆሮው ሽታ ሳይቀር በአንድ ጊዜ መጣብኝ። እንደዚያም ሆኖ ቂሜ አልለቀቀኝም።

«ጫንቃዎ አሁንም ይችላል?» አልኳቸው።

«አርጅቻለሁ። ብትመጣ ግን እሸከማለሁ። ቢንያምን እየው እንጂ።»

ቢንያምን አየዋለሁ፣ ልጁ ምን አደረገኝ። የቅዳሜውን ባቡር ጠይቄያለሁ። ኮልፌም አንድ ቀን እመጣለሁ፤ በዚያች በረንዳ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ያን ድንጋይ ጫንቃቸው ላይ ምን ያህል እንደማቆየው ግን እስካሁን አላውቅም።