ጎንደርን ሰጥቼሻለሁ

ልጅ ሳለሁ አገር እሰጥ ነበር። ደንቢያን ሰጥቻለሁ፤ ጭልጋን ሰጥቻለሁ፤ አይቼው የማላውቀውን ደባርቅን እንኳ ስንት ጊዜ እንደሰጠሁት እንጃ። የእንቆቅልሽ ሕግ ነውና መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ አገር የተሰጠውም መልሱን ይናገራል። አገር ተቀብሎ መልስ መደበቅ በእኛ ቤት ከሌብነት አያንስም ነበር።

ቤታችን ጎንደር፣ አራዳ፣ ከሱቆቹ ጀርባ ነበረች። እዚያ የምንኖረው እኔ፣ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ጌትነት፣ እንዲሁም አባታችን ከሞተ ወዲህ አብሮን የከረመው የአባታችን ታላቅ ወንድም አያ ፈንታሁን ነበርን። አያ በጉልምስናው የጭነት ማኪና ረዳት ስለነበር ያልረገጠው የሰሜን መንገድ አልነበረም፤ ጉልበቱ ሲከዳው ከዚያ ሁሉ መንገድ የተረፈው ወሬው ብቻ ነው። መብራት በሚጠፋባቸው ምሽቶች፣ ያኔ ደግሞ የሚጠፋበት ቀን ከሚበራበት ይበዛ ነበር፣ እናቴ ኩራዙን ለኩሳ መደቡ ጥግ ታስቀምጠዋለች። እኛም በጋዙ ጢስ ዓይናችንን እያሸን የከሰል ምድጃዋን እንከብና አያ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንቆቅልሽ!» እስኪል እንጠብቃለን።

የእሱ ጨዋታ የሌላ ሰው ዓይነት አልነበረም። ሌላው ሰው አገር ሲሰጡት «ገብቼ፣ በልቼ፣ ጠጥቼ» እያለ ይፎክርና ተሸናፊውን በስድብ ያጥበዋል። አያ ፈንታሁን ግን ራሱ አይገባም፤ «አጅሬ» የሚለውን የተረት ሰው ነበር የሚልከው። ጭልጋን ከሰጠነው በዚያ ምሽት አጅሬ ወደ ጭልጋ ይነሣል። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርስ አያ በመቆስቆሻው ፍሙን ይነካካል፤ ፊቱ ቀላ ብሎ ብቅ ሲል «ወዴት ትሉታላችሁ?» ይለናል። በቀኝ ካልነው በቀኝ፣ በግራ ካልነው በግራ ይሄዳል። በመረጥንለት መንገድ ጅብ ካለ አጅሬ ይበላል፤ ብናለቅስም አያ አይመልሰውም። «የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ» ይላል፣ በጭካኔ ሳይሆን በደከመ ድምፅ።

እናቴ ከጨዋታው ብዙም አትገባም ነበር። ስንጨቀጭቃት ከገባችም የምትሰጠው አንድ አገር ብቻ ነው፤ ጎንደርን። «ጎንደርማ ያለንበት አይደል እንዴ!» ብለን እንጮህባታለን፤ ምክንያቱም ጎንደር ከተሰጠ አጅሬ ቤቱ ገባ ማለት ነው። እግሩን ይታጠባል፣ እራቱን ይበላል፣ ይተኛል፤ ተረቱም እዚያው ያልቃል። እንዲህ ያለውን ተረት አልወደውም ነበር።

ጌትነት የሰፈሩ አንደኛ እንቆቅልሽ ፈቺ ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ አጥቶ በተቀመጠበት ዓመት ግን ድንገት ሁሉም ጠፋበት። አንድ ምሽት አያ «ሲሄድ ይውላል፣ ሲሄድ ያድራል» ሲለው፣ ሕፃን እንኳ «ወንዝ» የሚለውን፣ ቀሐ ወንዝ ውስጥ እየተንቦጫረቀ ያደገ ልጅ «አላውቀውም» አለ።

«እንግዲያ አገር ስጠኝ።»

«መተማን ሰጥቼሃለሁ።»

በማግሥቱም አላወቀም፤ አሁንም መተማን ሰጠ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። እኔ ያኔ ወንድሜ ጨዋታው እንዲረዝምልኝ ብሎ እያወቀ የሚሸነፍልኝ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ መንገዱን እየጠየቀ ነው።

አያ አጅሬን መተማ ድረስ ሳይሰስት ወሰደው፤ የሰሊጡን ማሳ፣ የጭነት ማኪናዎቹን ሰልፍ፣ ላብን ከግንባር ላይ የሚያደርቀውን ንፋስ አሳየን። በመጨረሻ አንድ ምሽት አጅሬ ድንበሩ ጋ ሲደርስ አንድ ደላላ ከዛፍ ጥላ ሥር ተነሣና «ና፣ ባሕሩን አሻግርሃለሁ» አለው። እዚህ ላይ አያ አቆመ። መቆስቆሻውንም አላነሣም።

«ይሂድ ወይስ ይመለስ?»

«ይሂድ» አለ ጌትነት፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«ይመለስ» አለች እናቴ። ስትሰፋው የነበረውን ልብስ ጭኗ ላይ ጥላው ነበር።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። የእናቴን ፊት አየሁና «ይመለስ» አልኩ።

«ሸጋ!» አለ አያ፣ እንደ ተገላገለ ሰው፤ አጅሬንም እያጣደፈ ጎንደር አስገባውና እግሩን አሳጠበው። ጌትነት ግን ፍሙን እያየ ፈገግ አለ። «ምነው አያ፣ መንገዱ እኮ ገና አላለቀም ነበር።»

ጥምቀት እንዳለፈ ጌትነት ሄደ። ከሱዳን ደወለ። ከሊቢያ አንድ ጊዜ ደወለና «ባሕሩ ዳር ነኝ» አለን፤ ከድምፁ ኋላ የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል የለም፤ ሞተ የሚልም የለም። እናቴ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ለቅሶ ለመቀመጥም ቁርጥ ያለ ወሬ ያስፈልጋል። አያ ፈንታሁን «እንቆቅልሽ» የሚለው ቃል ዳግም ከአፉ ሳይወጣ ኖሮ ሞተ። ብቻውን ሲቀመጥ በመቆስቆሻው አመድ ይነካካ ነበር።

እኔ አድጌ የትያትር አስተማሪ ሆንኩ። ዘንድሮ ተመልካቹ ራሱ መንገዱን የሚመርጥበትን የመጀመሪያ ተረቴን ጻፍኩ። ሐሳቡን ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ አፌን ሞልቼ «ከአያ ነው» እላለሁ። አጅሬን ከነስሙ ወሰድኩት፤ መንታ መንገዶቹን አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው። ድንበሩ ጋ ስደርስ የመመለሻውን መንገድ እስከ እግር ማጠቢያው ጻፍኩት። የመሄጃው ግን ከባሕሩ ዳር አላልፍ አለኝ። ብዙ ምሽት ታገልኩ፤ አሰጥመው ዘንድ እጄ እንቢ አለ፤ አሻግረው ዘንድ ደግሞ ውሸት ሆነብኝ። የዚያን መንገድ መከራ በየቀኑ የሚሰማ ተመልካች ይመልሰዋል ብዬ ተውኩት።

እዚያው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ባለ አንድ አዳራሽ አሳየሁት። ወንበሩን የሞሉት ጌትነት ሲሄድ በነበረበት ዕድሜ ላይ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ድንበሩ ጋ ስንደርስ መብራት ጠፋ፤ የወጣ እጅ ስለማይታይ «ይሂድ የምትሉ የስልካችሁን መብራት አብሩ» አልኳቸው። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ቦግ አለ። ደነገጥኩ።

«እሺ፣ አጥፉት። ይመለስ የምትሉስ?»

ጨለማ ሆነ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ የአንዲት የቁልፍ ስልክ ባትሪ ብቻዋን በራች። የማን እንደሆነች አወቅሁ። እናቴ እንደምትመጣ አልነገረችኝም ነበር።

የመረጡት እነሱ ናቸውና ወሰድኳቸው፤ በበረሃው፣ በታጨቀችው ማኪና፣ ሰው በተቆለፈበት መጋዘን አልፌ ባሕሩ ዳር አደረስኳቸው። አጅሬ ቤቱ ደወለ፤ ስልኩም ተቋረጠ። የጻፍኩት እዚህ ላይ አለቀ።

«ከዚያስ?» አለ ከፊት ያለ ልጅ። ሌሎቹም «ከዚያስ? ከዚያስ?» እያሉ ተቀበሉት።

ያቺ ትንሽ መብራት እንደበራች ነበረች። ከእሷ ጋር የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ጎንደርን ሰጥቼሻለሁ።»

አንዳንዶቹ የጨዋታው ክፍል መስሏቸው ሳቁ። እሷ ግን ደገመችው፤ «ሰጥቼሻለሁ እኮ። በይ ንገሪኝ።»

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ፣ እናቴ ጎንደርን የምትሰጠው ተረቱን ቶሎ ጨርሳ እኛን ለማስተኛት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ከአያ ፈንታሁን ተረቶች ብዙው ጠፍቶብኛል፤ የጅቦቹን ስም፣ የመንታ መንገዶቹን ብዛት አላስታውስም። ሕጉ ግን አልጠፋኝም። አገር የተሰጠው መልሱን ይናገራል። እናቴ ያላትን አንድ አገር ሰጠችኝ፤ እኔ ግን መልሱን አላውቀውም።