ሦስት ጓጉንቸር የነበረው ክዳን

ሰቆጣ ውስጥ ወንዳወቅ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። አምፖል ሲቃጠል፣ ቆጣሪ ሲዘጋ፣ የወፍጮ ሞተር ሲያጓራ የሚጠራው እሱ ነበር። ሠርቶ ሲጨርስ ጠላ ይቀዳለታል፤ የሚቀዳለት ግን በተለየ ጣሳ ነው፣ ጣሳውም ከሌላው ዕቃ ጋር አይታጠብም። አባቱ ጋዝጊብላ ውስጥ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጥ ብረት ሠሪ ነበር። አገሩ ሁሉ በእሱ ማረሻ አርሶ ሲበላ ኖረ፤ እሱ ባለበት እንጀራ የሚቆርስ ግን አልነበረም፤ ዓይኑ ይፈራ ነበር። ልጁ ብረቱን ትቶ ሽቦ ያዘ። የሰው ፍርሃት ግን ተከትሎት ከተማ ገባ።

ሙያውን ያስተማረው የለም። የከተማዋ መብራት በናፍጣ ሞተር ለጥቂት ሰዓት ብቻ በሚበራበት ዘመን የሞተሩን ቤት ይጠርግ ነበር። እዚያ የተጣለውን ሁሉ እየፈታ እየገጠመ ተማረ። ሁለት ጊዜ ኤሌክትሪክ ይዞት ሁለቱንም ጊዜ ስለተረፈ፣ በየዓመቱ ሁለት ጧፍ ለቤተ ክርስቲያን ያገባል።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አስጠራው። በዕቃ ቤቱ ወለል ላይ ከባድ የብረት ክዳን አለ። ከሥሩ ባለው የድንጋይ ጓዳ መስቀሉ፣ የብራና መጻሕፍቱና አልባሳቱ ይቀመጣሉ። ሌባ ብቻውን እንዳያነሣው ሆን ተብሎ የከበደ ክዳን ነው፤ አራት ጎረምሳ ወገቡን ይዞ ነበር የሚያነሣው። በላዩም ሦስት ጓጉንቸር ነበረበት። አንዱ ቁልፍ በቄሰ ገበዙ በአባ ወልደ ሐዋርያት እጅ፣ ሁለተኛው በሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር በአቶ ደግሰው፣ ሦስተኛው በአጥቢያው ሽማግሌ በአያ ቅጣው ዘንድ ነበር። ሦስቱ ካልተገናኙ ክዳኑ አይከፈትም። አንዱ ቢታመም እንኳ ሌሎቹ ቁልፉን አይቀበሉትም፤ እስኪድን ይጠብቁታል።

አዲስ አበባ የሚኖር የአጥቢያው ተወላጅ የሰዎቹን ድካም ሰምቶ የጋራዥ በር የሚያነሣ ሞተር ላከ። ወንዳወቅ ሦስት ቀን ሠራ። ግድግዳው ላይ አንድ ስዊች አቆመ፤ ወደ ላይ ሲገፋ ክዳኑ ይነሣል፣ ወደ ታች ሲገፋ ይወርዳል፣ መካከል ላይ ሲሆን ያርፋል። ሲለቁት በራሱ ወደ መካከል የሚመለስ ዓይነት ፈልጎ ከሱቅ ስላጣ፣ በተገፋበት የሚቀረውን አደረገ። እንደጨረሱ ወደ መካከል እንዲመልሱትም ደጋግሞ ነገራቸው። ጓጉንቸሮቹም መነሣት ነበረባቸው፤ እንደተቆለፉ ሞተሩ ቢነሣ ይቃጠላል። ክዳኑን ራሱ ሞተሩ ነክሶ ስለሚይዘው ያለ መብራት ማንም አያነቃንቀውም አለ። የዕቃ ቤቱ በር ቁልፍ እንደ ድሮው በአባ ወልደ ሐዋርያት እጅ ቀረ።

አያ ቅጣው የተፈታውን ጓጉንቸር በመዳፉ እየመዘነ ቆየና፣ "ብረቱን ፈታህ፣ በሽቦ ተካኸው። ሽቦው ደግሞ የሚሰማው አንተን ብቻ ነው" አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ቅጣው በወንዳወቅ ደጅ ማለፍ አበዛ። እንግዳ ሲገባ ቆም ብሎ ያያል፤ ሚስቱን ሰርካለምን ባሏ ወዴት እንደሄደ ይጠይቃታል። ወንዳወቅም ሳያውቀው ሰውን መጠርጠር ጀመረ። ሁለት ሰው ሲንሾካሾክ ካየ ስለ እሱ ይመስለዋል። በደብሩ አጠገብ ታየ እንዳይባል ገበያ ሲሄድ ዙሪያ ጥምጥም ይዞር ጀመር።

ፍልሰታ ገባ። በዝናቡ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሰንብቶ ነሐሴ 15 ቀን እኩለ ቀን ላይ መጣ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሰዎች የነገውን በዓል አልባሳት ሊያወጡ ሄዱ። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ከፍተው ሲገቡ ክዳኑ ተነሥቶ ቆሟል።

ዕቃውን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩት፤ የጎደለ የለም። አያ ቅጣው ግን አልተጽናናም። ዛሬ ባይወስድ መንገዱን ለክቷል፤ ነገ ሕዝቡ በተሰበሰበበት በወንዳወቅ ላይ ግዝት ይነበብ አለ። አቶ ደግሰውም አልተቃወመውም። ወንዳወቅ ተጠርቶ ይህንን ሰማ። የመብራት ሠራተኛ ሰው ቤት ካልገባ ምን ይበላል? የተገዘተ ሰው ደግሞ፣ ያውም የብረት ሠሪ ልጅ፣ ማን በሩን ይከፍትለታል?

ዕቃ ቤት ሲገባ ሌሎቹ ክዳኑን ሲያዩ እሱ ያየው ስዊቹን ነው። ወደ ላይ ተገፍቶ ቀርቷል። የበሩ ቁልፍ ያለው በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የንስሐ አባቱ ነው። አባ ወልደ ሐዋርያት መቋሚያቸውን ተደግፈው ወለሉን ያያሉ። ወንዳወቅ አንድ ስም ቢጠራ ይድን ነበር።

"አባቶቼ፣ የሰው ስም አልጠራም" አለ በመጨረሻ። "ሥራዬን ላሳያችሁ።"

ክዳኑን አወረደው። ከዚያ አቶ ደግሰው ወጥቶ ቆጣሪውን እንዲያጠፋ ለመነው። ሲጠፋ ስዊቹን ወደ ላይ ገፋ፤ ምንም የለም። እጁን አንሥቶ ከግድግዳው ራቀ።

"ይሄ ምን ያሳየናል?" አለ አያ ቅጣው።

"ትንሽ ይታገሡ፣ አያ።"

አቶ ደግሰው ቆጣሪውን መለሰው። ሞተሩ አጉረመረመና፣ ማንም ሳይነካው ክዳኑ ቀስ እያለ ተነሣ። አያ ቅጣው አማትቦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ወንዳወቅም፣ መብራት ሳይኖር ስዊቹን የነካው ሰው እንቢ አለኝ ብሎ እንደሄደ፣ መብራቱ ሲመጣ ክዳኑ የታዘዘውን እንደፈጸመ አስረዳ። በራሱ የሚመለስ ስዊች ሳይገኝ ሥራውን ማስረከቡ የራሱ ጥፋት መሆኑንም አልደበቀም።

"እኮ የነካው ማነው?" አለ አያ ቅጣው።

ወንዳወቅ ሄዶ ስዊቹን ወደ መካከል መለሰው።

"እኔ ነኝ" አሉ አባ ወልደ ሐዋርያት። "ያለ እናንተ ለእኔ ብቻ ይታዘዝ እንደሆነ ልፈትነው ትናንት ገባሁ። መብራት መጥፋቱን ልብ አላልኩም፤ እንቢ ሲለኝ ደስ ብሎኝ ቆልፌ ወጣሁ።" ቀና ብለው አያ ቅጣውን አዩት። "ብቻዬን መግባት ከቻልኩ፣ ቅጣው፣ መጠርጠር ያለብህ እሱን አይደለም። የእኔን ቁልፍ ነው።"

ግዝቱ ሳይነበብ ቀረ። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጸዲቅ ሲቀርብ አባ ወልደ ሐዋርያት ከዋንጫቸው ግማሹን ጠጥተው የቀረውን ለወንዳወቅ አቀበሉት። ብዙ ሰው አየ። አንዳንዱ ዞር አለ፤ ዋንጫው ግን ከሌላው ዕቃ ጋር ታጠበ።

ወንዳወቅ ከዚያ በኋላ የአንድ ሳምንት ጊዜ ጠየቀ። ሲለቁት የሚመለሰውን ስዊች አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ከደሴ አመጣለት። ከተጣሉ መኪኖች ሦስት የማስነሻ ቁልፎች ነቅሎ ትእዛዝ በሚያስተላልፈው ቀጭን ሽቦ ላይ ተራ በተራ አሰራቸው፤ አንዱ እንኳ ካልዞረ ስዊቹ እንደ ሞተ ነው። አያ ቅጣው አራተኛ ቁልፍ ቤትህ እንደሌለ በምን አውቃለሁ አለው። ወንዳወቅ ትርፎቹን ቁልፎች ሁሉ አውጥቶ፣ የአባቱን መዶሻ አስመጥቶ፣ በሦስቱም ፊት ጨፈለቃቸው።

እስከ ዛሬ ክዳኑ ሲከፈት አባ ወልደ ሐዋርያት "በስመ አብ" ብለው ቁልፋቸውን ያዞራሉ፤ አቶ ደግሰው "ወወልድ" ይላል፤ አያ ቅጣው "ወመንፈስ ቅዱስ" ብሎ ይጨርሳል። ሞተሩ የሚነሣው "አሐዱ አምላክ" ላይ ነው። አያ ቅጣው ግን የራሱን ከማዞሩ በፊት ሁልጊዜ ስዊቹን አንድ ጊዜ ይገፋዋል። እንቢ ሲለው ራሱን ነቅንቆ ቁልፉን ያገባል። ይህን ለወንዳወቅ ሲነግሩት፣ አያ ቅጣውን እንዳይከለክሉት ለመናቸው።