የወንድሜ ካፖርት

የረጠበ ሱፍ ሽታ አልወድም። ባለፈው ክረምት ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ካፖርቱ ዝናብ የጠጣ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ፌርማታዬ ሳይደርስ ወረድኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ ነገር ማሳመር አልችልበትም። እንደሆነው ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ነው። ኮልፌ ገበያ ጭነት እሸከም ነበር። ታላቅ ወንድሜን የቀበሌ ጠባቂዎች ከቤት ከወሰዱት ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ገብቷል። ሞተም አለም የሚለን የለም። ካፖርቱ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ እናቴ አቧራውን ታራግፍለታለች።

አንድ ማለዳ ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ወርዶ አጥራችንን ሸፍኖት ሳለ አንድ ለማኝ በራችን ላይ ቆመ። የለበሰው ጆንያ ነው። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ቤት ድረስ ይሰማል። እናቴ ዳቦ ልታመጣለት ገባች ስል ካፖርቱን ይዛ ወጣች።

«እማዬ፣ እሱ ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?»

«እሱን እግዜር ያለብሰዋል። ይሄኛውን ግን ወደኔ ነው የላከው።»

«በቃ ገደልሽው» አልኳት።

ለማኙ ለብሶ ሄደ። ያኔ ነው ከኋላው ያየሁት። ካፖርቱ የወንድሜን ትከሻ ለምዶ ኖሮ በግራ በኩል ዘንበል ብሏል። ለማኝ ባየ ቁጥር ሰፈር የሚያናውጠው ውሻችን ድምፁን አጥፍቶ፣ ጭራውን እየቆላ ተከተለው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን እልል እያለች ገባች። «ልጅሽን ከኋላው አየሁት። እንኳን ለዚህ አበቃሽ፣ እቱ።»

እናቴ፣ «አሜን» አለች።

ሴትዮዋ ስትወጣ፣ «ለማኝ ነው እኮ፤ አሜን ምንድን ነው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ከኋላው አየሁት አለች» አለችኝ ቀስ ብላ።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት እላፊ ሳይገባ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ለማኙን በር ላይ ትጠብቀዋለች። ራታችንን ከነትኩሱ ትሰጠዋለች፤ የተረፈውን እኛ እንበላለን። ከዚያ፣ «አሁን ወደ መንገዱ ሂድልኝ፣ ልጄ። ቀስ በል። ፊትህን አትመልስብኝ» ትለዋለች።

«እማማ፣ ሰው ፊቴን አይቶ ነው የሚመጸውተኝ፤ እርስዎ ለጀርባዬ ነው የሚሰጡት?» ብሎ ሳቀ የመጀመሪያ ቀን። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ሁለተኛ አልጠየቀም።

ጭጋጉ እስኪውጠው፣ ጭቃው ላይ የእግሩ ድምፅ እስኪጠፋ፣ የአጥሩን እንጨት ይዛ ታየዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ለማኝ አልወድም፣ ዛሬም አልወድም። እሱን ማባረር ግን አቃተኝ። እኔም አጠገቧ ቆሜ አየው ነበር።

አንድ ምሽት መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወደኛ ዞረ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

«ሄደ?» አለችኝ ከነጠላው ውስጥ።

ጭጋግ ስለሆነ ፊቱ አይለይም። እጁን አንስቷል፤ ይመርቅ ይሰናበት አላውቅም።

«ሄደ» አልኳት።