ጉንቮር ኤይቪንድን በሆዱ ያስተኛችበት ቀን

አንድ ተራ ቀን ጉንቮርን ብዙ ያስከፍላታል፤ ከመታጠብ ብዛት የእጇን ቆዳ፣ ሰው ከማንሳት ብዛት ወገቧን፣ ማታ ደግሞ ለባሏ ሊተርፍ የሚገባውን ድምጿን። ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያደክማት የእኛ ዝምታ ይመስለኛል። በዚህ በኖርዌይ የባሕር ዳርቻ ሰው መናገር ሲገባው እንኳ "ምን አስቸገርኳቸው" ብሎ አፉን ይይዛል።

ጉንቮር የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ናት። ምሳዋ ቡናማ አይብ ያለበት ዳቦ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቆማ ነው የምትበላው። ያወቅኋት ባለቤቴ ኤይቪንድ በሳንባ ምች የወደቀ ጊዜ ነው። ቱቦ በጉሮሮው ገብቶ መሣሪያው ይተነፍስለታል፤ በደሙ ያለው ኦክስጅን ግን ከሰማንያ አምስት በመቶ በላይ አልነሳ አለ። መሣሪያው ከዚህ በላይ የሚሰጠው አልነበረውም።

"በሆዱ እናስተኛዋለን" አለችን ዶክተር ሱኒቫ። "በጀርባው በኩል ያለው ሳንባ ተጨፍልቋል። ሲገለበጥ ይከፈታል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።"

ነርሶቹ አልጋውን ከበቡት። ጉንቮር ራስጌ ቆማ ጭንቅላቱንና ቱቦውን ያዘች። ቱቦው ከወጣ አበቃ፤ ስለዚህ እሷ ሳትቆጥር ማንም አይነቃነቅም። ከመቁጠሯ በፊት ግን እንደ ልማዷ ወደ እኛ ዞረች።

"ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ? የተሰበረ፣ የወለቀ?"

"የለም" አልኩ። አማቼ ቶርሌፍ፣ ዕድሜያቸውን ጀልባ ሲሠሩ የኖሩት ሽማግሌ፣ ኮፍያቸውን ማሻሸት ጀመሩ።

"አባባ፣ ያ ኮፍያ እኮ ምንም አላደረገዎትም" አለቻቸው።

"ሥራ ላይ ናችሁ፤ ላስቸግር አልፈልግም።"

"ያስቸግሩኝ እንጂ! ደመወዝ የሚከፈለኝ ለምን መሰለዎት?"

"ምን መሰለሽ ልጄ... ቀኝ ትከሻው። ሳያገባ ከጀልባ ምሰሶ ወድቆ ነበር። እጁን ወደ ላይ ከሰቀለ ውልቅ ይላል። ለሚስቱ እንዳልነግር አስምሎኛል፤ ጣራ መውጣት ትከለክለኛለች ብሎ።"

"እከለክለዋለሁ!" አልኩ።

"ሲነቃ ትጣያለሽ" አለች ጉንቮር። "መጀመሪያ ይንቃልን።"

ወደ ላይ ሊያደርጉት የነበረውን ቀኝ እጁን ከጎኑ አስጠጉት፤ ትከሻውን በትራስ ደገፉት። ቆጠረች፤ ገለበጡት።

የኦክስጅኑ ቁጥር መጀመሪያ ወረደ። አማቼ ክንዴን ጨመቁኝ። ጉንቮር በቀጭን ቱቦ አክታውን ሳበችለት፤ ፊቱን ወደ ጎን አመቻችታ ዓይኑንም ቅባት ቀባችው።

"ሳንባ እንደ ልጅ ነው" አለችኝ። "በጠዋት ቀስቅሰሽው ወዲያው አይነሳም።"

እውነትም በዝግታ ተነሳ። ከሰዓት በኋላ ዘጠና ሦስት ላይ ረጋ፤ ሱኒቫም መሣሪያው የሚሰጠውን ኦክስጅን መቀነስ ጀመረች። በቀጣዮቹ ቀናት ደጋግመው ገለበጡት፤ ሳንባው ሲበረታ ቱቦው ወጣ። ዛሬ ልጃችንን በዚያው ቀኝ ትከሻው ይሸከማታል። ጣራ ግን ከልክዬዋለሁ።

ስለ እሷ ልጽፍ ነው ብላት ጉንቮር ሳቀች። "ስለ እኔ ተይው። ከጻፍሽ ይህቺን አድርሺልኝ" አለች፤ እኔም እንዳለችው አደርሳለሁ፦

"እባካችሁ፣ መናገር የማይችል ሕመምተኛ ስታመጡልን የምታውቁትን ሁሉ ንገሩን። የቱ ትከሻው ይወልቃል? አንገቱ ወዴት አይዞርም? ትንሽ ነገር ናት ብላችሁ አትተዉ። አስቸግሩን።"