የማይዘመረው ቁጥር ሦስት

አጎቴ መስታወት ቆራጭ ነበር። መስታወት ሲቆረጥ ትንፋሽ ይያዛል፤ መቁረጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆም መሄድ አለበት፣ መሃል ላይ እጅ ከተንቀጠቀጠ መስታወቱ በፈለገው በኩል ይሰነጠቃል። ሱቁ ውስጥ አብሬው ስሠራ ሥራውን የተማርኩት ከዝምታው ነው። ሲያዜም ይቆይና መቁረጫውን ሲያሳርፍ ዜማው ቀጥ ይላል፤ መስታወቱ ቀጭ ብሎ ሲለያይ ካቆመበት ይቀጥላል። ትንፋሽ መያዝ ስለለመደ ለቤተ ክርስቲያናችን የሚደርሳቸው መዝሙሮችም እንደዚያው ናቸው፤ ሰው የት ጋ እንደሚተነፍስ አላሰበበትም። መዘምራኑ "የጋሼን መዝሙር ሳንባ ያለው ይዘምረው" እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

የመዝሙር መጽሐፍ ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያነበው ከርዕሱ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ነው፤ ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን ሠራው። "ይሄ ሰውዬ ምን ደርሶበት ይሆን?" ይለኛል። የምናውቀው ነገር ስለሌለ እኛው እንፈጥርለታለን፤ ሚስቱን የቀበረ፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ዓይኑ የጠፋ። ደህና ውሎ ደህና የሚያድር ሰው መዝሙር አይጽፍም ብሎ ያምን ነበር። እኔ ደግሞ ደህና አድረው የሚጽፉም ሞልተዋል፣ መዝሙራቸውም ያስታውቃል እለዋለሁ። ይስቃል፤ በዚያ ዘመን ገና ይስቅ ነበር።

እሱ ላይ የደረሰው ወፌ ናት። ወፌ የምንላት አፏ ስለማያርፍ ነው፤ ለእሱና ለሚስቱ አንድ ልጃቸው ነበረች። ፊደል ቆጥራ ሳትጨርስ ትኩሳት ያዛት። ሐኪሙ መጀመሪያ መድኃኒት አዘዘ፣ ቀጥሎ ሌላ መድኃኒት አዘዘ፣ በመጨረሻ "ጸልዩ" አለ። ሐኪም ጸልዩ ማለት ሲጀምር ነገሩ አልቋል። አጎቴ ግን ጓዳ ገባና በሩን ዘግቶ የምሩን ጸለየ። ሲወጣ የሚስቱን ፊት አየና ምንም ሳይጠይቅ ተመልሶ ገባ።

ብዙ ጊዜ ሳያዜም ቆየ። ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የመስታወት ድምፅ ብቻ ነበር፣ እኔም እሱ ዝም ሲል መናገር እየፈራሁ ዲዳ ልሆን ምንም አልቀረኝም። ከዚያ አንድ መዝሙር መጣለት። ሦስት ቁጥር ነበረው። አንደኛው ስለ ሰጠኸኝ አመሰግንሃለሁ የሚል ነው፣ ሁለተኛው ተስፋህ አይታጠፍም የሚል። ሦስተኛውና የመጨረሻው እንዲህ ነበር፦

በሩን ዘግቼ ጠራሁህ፤ ዝም አልክ፣
የለመንኩህን ይዘህብኝ ሄድክ፤
ሌላ ደጅ የለኝም፣ ደጅህን እጠናለሁ፣
እስክትመልስልኝ እዚሁ እቆያለሁ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አዳመጡትና አለቀሱ። አልቅሰው ሲያበቁ ግን "ወንድማችን፣ መጨረሻው ጨለመ" አሉት። "ምዕመኑን መንገድ ላይ ጥለኸው አትሂድ። አንድ የመጽናኛ ቁጥር ጨምርበትና እንዘምረዋለን።" አጎቴ አንገት ደፊ ነው፤ ጨመረ።

ደመናው ተገፎ ፀሐይ ወጣልኝ፣
እንባዬ ታብሶ ሳቄ መጣልኝ።

ይህን ለሚስቱ ሲያነብላት እኔም ቤታቸው ነበርኩ። እትዬ የወፌን ልብሶች እያጠፈች ነበር፤ ማጠፏን አላቆመችም።

"ለማን ነው የወጣችው?" አለችው።

"ማን?"

"ፀሐይዋ።"

"ካልጨመርክ አይዘመርም አሉኝ። ሦስተኛው እንዲዘመርልኝ ብዬ ነው።"

"የማን ሳቅ ነው የመጣው? የኔ አልመጣም። ያንተ መጥቷል?"

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

መዝሙሩ በሚቀርብበት እሑድ ሰባኪው ስብከቱን አስረዘመው። የመዘምራኑ መሪ ሰዓቱን አየና እጁን አንስቶ፣ "ጊዜ ስለሄደብን ቁጥር አንድ፣ ሁለትና መጨረሻውን" አለ። ይህችን አባባል አዳራሻችን ውስጥ የማያውቃት የለም፤ ስንት ሰው አምጦ የጻፈው ቁጥር ሦስት በእሷ ተቀብሯል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኛዎቹ አፍስሰው ሳይለቅሙ ቀሩ። ሕዝቡ ወደደው። "ደመናው ተገፎ" ላይ ሲደርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እትዬ ከኋላ ወንበር ተነሥታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያናድደኛል፤ አሁንም ስጽፈው ያናድደኛል። መዝሙሩ የሠርግ መዝሙር ሆነ። ሙሽሮች በወፌ ሞት እየዘለሉ ገቡ። ልጁን የቀበረ ሰው የጻፈው ነው ብትላቸው "ታዲያ ምን ዓይነት ድል ነው!" ይሉሃል። ኪቦርድ የሚመታው ወንድማችን ደግሞ ከሁለተኛው ቁጥር በኋላ ድምፁን ከፍ ያደርግና ሁሉም በአንድ ላይ "ደመናው" ብሎ ይነሣል። በዚያ ሰዓት ከኋላ አንድ ወንበር ሲጢጥ ይላል። አጎቴ ፊት ለፊት ይቀመጥ ስለነበር አይዞርም፤ ግን ትከሻው ሲወርድ አየዋለሁ። ቤት ገብተው ስለ ጉዳዩ አያወሩም። ምሳ ይዛለት ሱቅ ትመጣለች፣ ሳህኑን አስቀምጣ ትሄዳለች። እሷም እሱም ሆድ ይፍጀው ብለው ኖሩ።

አጎቴ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እትዬ በተቀመጠችበት ቁጥር ሦስት አንድ ቀን እንዲዘመር። አዲስ መሪ በተሾመ ቁጥር ሄዶ ይለምናል። አንዱ "ትንፋሽ አይሰጥም" አለው። ሌላው "ሕዝቡን ያስተክዛል፣ ጋሼ" አለው። ሦስተኛው ወጣት ነበር፤ ለግድግዳው ስክሪን ቃሉን ሲጽፍ ጭራሹን ቁጥር ሦስት መኖሩን አላወቀም። አጎቴ ከእያንዳንዱ ተመልሶ መቁረጫውን ያነሣና ያንኑ ቁጥር ያዜማል፤ መስታወቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል። እኔ በዚያው ለመድኩት። ሌላ የሚሰማው ያለ አልመሰለኝም።

በኋላ ሳንባው ታመመ። የዕድሜ ልክ የመስታወት ዱቄት ነው አሉ። መስመር መቁረጥ አቃተው፤ ትንፋሹ መሃል ላይ ያልቅበታል። አልጋ ሲይዝ ፓስተሩ ሊጠይቀው መጣ፣ አጎቴም እጁን ያዘው።

"ስቀበር ሙሉውን ዘምሩልኝ።"

"ሙሉውን፣ ጋሼ። አንድም አይቀር።"

"እሷ ትስማው።"

እትዬ ትራሱን እያስተካከለች ነበር። ፊቷን አላነሣችም።

ፓስተሩ ሰውን አያታልልም፤ ቃሉን ጠብቋል። ለመሪው ነገረው፣ ቁጥር ሦስት ስክሪኑ ላይ ገባ፣ ልምምድም ተደረገበት። በቀብሩ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ሳጥኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። አንደኛው ተዘመረ። ሁለተኛው ተዘመረ። ሁለተኛው ሲያልቅ የኪቦርዱ ወንድማችን፣ እጁ ዕድሜውን ሙሉ እንደለመደው፣ ድምፁን ከፍ አደረገ። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ አፉ ዕድሜውን ሙሉ እንደለመደው፣ "ደመናው ተገፎ" ብሎ ተነሣ። ቁጥር ሦስት ግድግዳው ላይ ለአፍታ ታየ፤ ስክሪኑን የሚያዘው ሰው ሕዝቡን ለመከተል ቸኩሎ አሳለፈው። ፓስተሩ እጁን ቢያነሣ ማን አይቶት። ክፋት የለበትም፣ ልማድ ነው፤ ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር።

ከኋላ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። እትዬ ናት ብዬ አልዞርኩም፤ ዛሬ እንኳን ባትወጣ ብዬ አዘንኩባት። የእግሯ ድምፅ ግን ወደ በሩ አልሄደም። መሃለኛውን መተላለፊያ ይዛ መጣች፣ ሳጥኑ አጠገብ ቆመችና ሕዝቡ እስኪጨርስ ጠበቀች። ፀጥ ሲል ጀመረች።

"በሩን ዘግቼ ጠራሁህ፤ ዝም አልክ..."

ወፌ ከሞተች ወዲህ ስትዘምር ሰምቻት አላውቅም። ድምፅዋ ሻክሯል፣ ዜማውን ግን አንድም ቦታ አልሳተችም፤ እሱ መቁረጫውን ሲያሳርፍ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ ቆመች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ምሳውን አስቀምጣ የምትሄድ የመሰለችኝ ሴት ከሱቁ በር ውጭ ቆማ ስትሰማው ኖራለች።

"ደጅህን እጠናለሁ" ላይ ትንፋሿ አለቀ። ከበላይዋ ግድግዳው ላይ "ሳቄ መጣልኝ" የሚለው እንደተጻፈ ነው። ሳጥኑን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበችና ከመስመሩ መጀመሪያ ደገመችው፣ እስከ መጨረሻው ደረሰች።

መሪው ሊያጽናናት ፈልጎ ለመዘምራኑ ምልክት ሰጠ፣ ኪቦርዱም አራተኛውን ጀመረ። እትዬ እጇን ከሳጥኑ ሳታነሣ ዞር አለች።

"ተዉት፣ ልጆቼ። እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።"

ኪቦርዱ ዝም አለ። ሳጥኑን ያለ መዝሙር ተሸክመን ወጣን።