ሳይገባኝ «ገባኝ» ያልኩበት ቀን

ዛሬ አቤት የምለው ዳኛ አጣሁ! ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ድረስ ነድቼ የገዛኋቸው ስድስት ብርቱካኖች ተሰንጥቀው እዚህ ባሕር ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ እየደረቁ ነው።

ጥፋተኛዋ የእህቴ ልጅ ሊዲያ ናት። አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ በማስተርስ ደረጃ ለመምህርነት ትሠለጥናለች። ነገ እውነተኛ ክፍል ገብታ ክፍልፋይ ስታስተምር አሠልጣኟ ከኋላ ተቀምጣ ትመዝናታለች። ካልተሳካላት ተርሙን ትደግማለች።

ስለዚህ ለልምምድ የዛሬው ተማሪ እኔ ሆንኩ።

«ስድስት ለግማሽ ሲካፈል ስንት ነው?»

«ሦስት!» አልኩ በኩራት።

«አይደለም» ብላ አስረዳችኝ። «ገባኝ፣ ቲቸር» አልኩ። እኛ ዘንድ አስተማሪን ማሳፈር ነውር ስለሆነ፣ ሳይገባንም ይገባናል።

«እንግዲያው ጋሼ፣ አሁን አንተ አስረዳኝ» አለች።

ቀለድኩ፤ አልሳቀችም። ውኃ ጠጣሁ፤ ጠበቀችኝ። በመጨረሻ «አልገባኝም» አልኩ።

«የስ! እሱን ነው የምፈልገው!» ብላ ብርቱካኖቹን ለሁለት ለሁለት ሰንጥቃ አስቆጠረችኝ። አሥራ ሁለት ግማሾች!

እኔ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ለብቻዬ፣ ከመጽሐፍ ነው። «አልገባኝም» እስክል ድረስ የጠበቀኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። የነገዎቹ ተማሪዎቿ ታድለዋል።

እናንተስ? ሳይገባችሁ «ገባኝ» ያላችሁበትን ከዚህ ጽሑፍ ሥር ተናዘዙ... ቆዩ፣ በር ተንኳኳ።

ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ አገር ቤት ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ሁሉንም ሰምተዋል። ደብተር ይዘዋል።

«እኔን አንድም ተማሪ አልገባኝም ብሎኝ አያውቅም» አሉ። «ልጅቷ እንዴት አድርጋ እንዳስባለችህ ታሳየኝ።»