የአቶ ደምሴ አበባና የእኔ ፍየል

ፍየሌን የገደላት ጎረቤቴ አቶ ደምሴ ነው።

ከድሬዳዋ አምጥቶ የተከለውን፣ በጋ ከክረምት የማይረግፈውን ባለቀይ አበባ ቁጥቋጦ ዛሬ ጠዋት ከረከመ። ቅርንጫፉንም ጎረቤቱ ሁሉ ለፍየሌ ከቃሚ የተረፈ የጫት ገራባ በሚጥልበት ጥግ ከመረው። በላችው፤ ቀትር ሳይደርስ ሞተች።

እናቱ የሞተችበት የልጅ ልጄ የሚያድገው በፍየሏ ወተት ነበር።

«መርዝ መሆኑን ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«እትዬ፣ ለዓይን እንጂ ለሆድ አልተከልኩትም» አለኝ።

ሲከረክም ግን እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር።

ፊደል በስተርጅና የቆጠርኩት ለካ ይህን ለመጻፍ ኖሯል።

ከእናንተስ በዚህ አበባ ከብት የሞተበት አለ? ንገሩኝ፤ ብቻዬን መናገር ደክሞኛል።

እሱ ድሬዳዋ በወረደ ቁጥር ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ምንጭ ውሃ ቀድቼ አበባውን የማጠጣለት እኔ ነበርኩ። ከእንግዲህ አንዲት ጣሳ ውሃ አላፈስለትም።